የሴቶች የክረምት የጽሑፍ ሥልጠና ደሴ ላይ፦ ምን ይዤ ልሂድ? ከኮምቦልቻ እየተመላለስኩስ ይሆናል?

ቦርከና_ዳር (ጠያቂ)

ሰላም እህቶች። ነሐሴ ላይ ደሴ የሚካሄድ የሴቶች የክረምት የጽሑፍ ሥልጠና ላይ ስሜ ወጥቷል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። የላኩልን ወረቀት የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ጠዋት ከ2:30 ጀምሮ ትምህርት፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስምንት ስምንት ሆነን የየራሳችንን ረቂቅ መገማገም፣ ሐሙስ ማታ ለታዳሚ ንባብ (ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ)፣ ዓርብ እስከ ምሳ መዝጊያ። ረቂቁ «ከ10 ገጽ ያልበለጠ» ይላል፤ በምን ዓይነት ፊደል፣ ስንት ኮፒ፣ ምንም አልተጻፈም።

እጄ ላይ ያለው፦ ያላለቀ ልብ ወለድ 140 ገጽ (ግማሹ ደብተር ላይ፣ ግማሹ ስልኬ ላይ)፣ ሁለት አጭር ልብ ወለድ፣ አምስት ስድስት ግጥም። ኮምፒውተር የለኝም። ጡት የሚጠባ የስምንት ወር ልጅ አለኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው።

የትኛውን ልውሰድ? እንዴት ነው የሚዘጋጀው? በየቀኑ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ወርጄ እችለዋለሁ ወይስ ማደር አለብኝ? የምታውቁ ጻፉልኝ።

---

ቀይ_እስክሪብቶ

አብሽሪ፣ ያለሽ ይበቃል። ሥራው መምረጡ ላይ ነው።

ልብ ወለዱን ቤት ተዪው። ከመሀሉ አሥር ገጽ ቀንጭበሽ ብታቀርቢ ቡድኑ «ይቺ ልጅ ማናት? አጎቷ ለምን አኮረፋት?» እያለ ሰዓቱን ይበላዋል፤ አንቺ ደግሞ ያልተነበበውን 130 ገጽ በቃል ስትተርኪ ተራሽ ያልቃል። ከመጀመሪያው አሥር ገጽ ብታቀርቢ «ቀጣዩን ለማወቅ ጓጉቻለሁ» ይሉሻል። ደስ ይላል፣ ግን በእሱ ምንም አታርሚበትም። መነሻውም መድረሻውም እዚያው ያለ አጭር ልብ ወለድ ውሰጂ። ከሁለቱ የትኛውን ካልሽ ሰዎች የወደዱልሽን አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ አልሄድ ብሎ ያስቸገረሽን ነው። «ከእንግዲህ አንድ ቃል አልነካበትም» የምትዪውን ግምገማ ላይ ካቀረብሽው ስትከላከዪለት ትውያለሽ። እሱን ለሐሙስ ማታ ያዢው።

አዘገጃጀቱ ላይ በዝርዝር ልሂድ፤ ሰኞ ጠዋት ሰው የሚደናበረው እዚህ ላይ ስለሆነ።

በስልክ መተየብ ይቻላል። ጂቦርድ ላይ አማርኛ ጨምሪና ጎግል ዶክስ ውስጥ ጻፊ። አራት ነጥብን (።) ከፊደል ገበታው ላይ ፈልገሽ ተጠቀሚ። «፡»ን ሁለት ጊዜ እየመቱ የሚጽፉ አሉ፤ መስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ አንዱ እዚህ ሌላው ታች ወርዶ ሊቀር ይችላል፣ አንባቢም ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ ይጠፋባታል። ተይበሽ ስትጨርሺ በሞክሼ ፊደላቱ አንድ ዙር ሂጂ። ገጽ 1 ላይ «ሠርግ»፣ ገጽ 3 ላይ «ሰርግ» ካለ ከስምንቱ አንዷ እሱን ስታርም ትውልና ታሪኩን ሳታነበው ትቀራለች። የቱን መረጥሽ አይደለም ቁም ነገሩ፤ አንዱን መርጠሽ «ፈልግና ተካ» በሚለው ማስተካከል ነው።

የፊደል መጠን 12፣ በመስመር መካከል አንድ ተኩል ክፍተት፣ ኅዳግ በአራቱም ጎን 2.5 ሴንቲ ሜትር። በዚህ መጠን አንድ ኤ4 ገጽ ወደ 300 ቃል ይይዛል። ፊደል ወደ 10 ዝቅ አድርጎ አሥራ አራት ገጹን በአሥር ማስገባት የተለመደ ዘዴ ነው፣ ወዲያው ይታወቃል። የገጽ ቁጥር የግድ አድርጊ። ቁጥር ከሌለ «እዚያ ጋ፣ እናትየው ቡና ስታፈላ… አይ እሱ አይደለም፣ ሌላኛው» እየተባለ አሥር ደቂቃ ይባክናል።

ኮፒ ቤት ከመሄድሽ በፊት ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጊው። ይህን አትዝለዪው። ዎርድ ፋይል ይዘሽ ከሄድሽ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያንቺ ፊደል ከሌለ በሌላ ይተካዋል፤ የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ አሥሩ ገጽ አሥራ አንድ ተኩል ሆኖ ይወጣል። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተተየበማ ጭራሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ነው የሚከፈተው። ፍላሽም ባትሰኪ ይሻላል፤ ኮፒ ቤት ገብቶ የወጣ ፍላሽ ፋይሉ ተደብቆ ሾርትከት ብቻ እያሳየ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ፒዲኤፉን በቴሌግራም ላኪላቸው፣ ሲከፍቱት አጠገባቸው ቆመሽ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ እይ።

ብዛቱ፦ ሰባት ለቡድንሽ፣ አንድ ለአሠልጣኟ፣ አንድ ላንቺ። ዘጠኝ ኮፒ በ10 ገጽ 90 ገጽ ነው። ፊትና ጀርባ ካደረግሽው 45 ወረቀት ይበቃል፤ አቅም ከፈቀደ ግን በአንድ ፊት ብቻ ይሁን፣ ባዶው ጀርባ ለአስተያየት ስለሚያገለግል። ከሥልጠናው በፊት ባለው ሐሙስ ወይም ዓርብ ኮምቦልቻ ላይ ጨርሺው። ሰኞ ጠዋት ደሴ ደርሼ አሠራለሁ ብለሽ መብራት ከጠፋ ባዶ እጅሽን ነው የምትገቢው።

ረቂቆቻችሁን አስቀድማችሁ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም እንድትለዋወጡ አዘጋጆቹን ጠይቂያቸው። የሌሎቹ ሰባት ረቂቅ ሲደመር 70 ገጽ ነው። ቶሎ ከደረሰሽ ቤትሽ ተረጋግተሽ ታነቢዋለሽ፤ ካልደረሰሽ በየማታው 20 ገጽ ከልጅ ጋር ልትታገዪ ነው።

---

የሐረጎ_ጉም

የመንገዱን እኔ ልመልስ።

ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በጥሩ ቀን ሚኒባስ ከአንድ ሰዓት በታች ያደርሳል። ነሐሴ ግን ጥሩ ቀን አይደለም። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ነው ያሉት፤ መንገዱ ያንን ሁሉ ከፍታ በሐረጎ ጠመዝማዛ ነው የሚወጣው። ክረምት ጠዋት ጉሙ ይተኛበታል፣ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በእግር ፍጥነት ይሄዳል። አንድ የጭነት መኪና መታጠፊያ ላይ ከቆመ ደግሞ ሁሉም ከኋላው ይሰለፋል። ስለዚህ ለ2:30 ለመድረስ ከ1 ሰዓት በፊት መናኸሪያ መገኘት አለብሽ። ሚኒባሱ እስኪሞላም ይጠበቃል፤ ይሄን ሰው ሲያሰላ ይረሳዋል።

የመመለሻው ይብሳል። ቡድኑ 10:30 ላይ ቢያልቅ ሰዉ ሁሉ ወደ ታች የሚወርድበት ሰዓት ነው፣ ዝናቡም ከሰዓት በኋላ ነው የሚበረታው። ሐሙስ ማታ ንባቡ ካለቀ በኋላማ ሐረጎን አትሞክሪው። ያን ሌሊት ደሴ ነሽ፣ አለቀ።

እኔ የምለው፦ አራቱንም ሌሊት ማደር ከቻልሽ እደሪ። ካልቻልሽ ቢያንስ ተራሽ ከሚደርስበት ቀን በፊት ያለውን ሌሊትና ሐሙስን። በተራሽ ቀን ጉም ይዞሽ አርፍደሽ፣ ጫማሽ ርሶ፣ ልብሽ እየመታ አትቀመጪ። አዘጋጆቹን «ማደሪያ አለ?» ብቻ አትበዪያቸው። «ስንት ሰው በአንድ ክፍል? ልጅና ሞግዚት ይዤ እችላለሁ? ቁርስና እራት ይጨምራል? የትራንስፖርት ይሸፈናል?» ብለሽ ለየብቻው ጠይቂ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዢ። አበል የሚለውን ቃል ቀድሞ የማንሳት አመል አለብን፤ ማደሪያው ግን ከአበሉ ይበልጣል።

ልብስ፦ ኮምቦልቻ በቀጭን ልብስ የወጣ ሰው ደሴ ላይ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ሹራብ፣ ጋቢ፣ ጭቃ የሚችል ጫማ፣ ሁለት ጥንድ ትርፍ ካልሲ። ዘጠኙን ኮፒ በሁለት ፌስታል ደርበሽ ጠቅልይው፣ አንዱ ፌስታል አፉ ወደ ታች። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ወረቀት አይገባም።

---

ቤት_መምቻ

ግጥም ስላነሳሽ ብቻ። ወደ ግምገማው ግጥም ልወስድ ካልሽ አምስቱን ሁሉ አታቅርቢ፤ ሦስት ይበቃል፣ እያንዳንዱ በራሱ ገጽ። ስልክ ላይ የተተየበ ግጥም ስንኙ እየተቆረጠ ታች ይወርዳል፣ አንባቢዋም ሆን ብለሽ የሰበርሽው ይመስላታል። ኅዳጉን አጥብበሽም ቢሆን አንድ ስንኝ በአንድ መስመር ይቁም።

ከመውሰድሽ በፊት ምቱን ቁጠሪ። የወል ቤት በሚባለው የግጥም ዓይነት ግማሽ ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም ነው፣ ሰንጎ መገን በሚባለው አምስት አምስት። ለምሳሌ ይቺን አሁን ቁጭ ብዬ ያበጀኋትን ተመልከቺ፦

ሐረጎ ጉም ለብሶ፣ መንገዱ ጠፋብኝ፤
የላክሁት ደብዳቤ፣ ተመልሶ አገኘኝ።

ሐ-ረ-ጎ-ጉም-ለብ-ሶ፣ ስድስት። መን-ገ-ዱ-ጠ-ፋ-ብኝ፣ ስድስት። «ጉም» ላይ «ም»፣ «ለብሶ» ላይ «ብ»፣ «መንገዱ» ላይ «ን» ሳድስ ናቸው፤ ከፊታቸው ባለው ፊደል ይዋጣሉ እንጂ ለብቻ አይቆጠሩም። «ጠፋብኝ» ላይ ያሉት «ብ» እና «ኝ» ደግሞ ተያይዘው አንድ ይሆናሉ። አሁን «መንገዱ ሁሉ ጠፋብኝ» ብትዪው ስምንት ይሆንና ጮክ ብለሽ ስታነቢ እግርሽ ይሰናከላል። ወረቀት ላይ አይታይም፣ አፍ ላይ ነው የሚታወቀው። ሆን ብለሽ ምት የምትሰብሪ ከሆነ ደግሞ ስበሪ፣ ግን «ለምን እዚህ ጋ?» ስትባዪ መልስ ይኑርሽ።

---

እናት_ናት

ስለ ልጁ ማንም አልመለሰም።

አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ በጽሑፍ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ። ሰኞ ጠዋት ልጅ አዝለሽ በር ላይ ብትደርሺ ማንም አይመልስሽም፣ ግን ክፍል የሚያዘጋጅልሽም የለም። የምትጠይቂው ነገር ትንሽ ነው፦ ከአዳራሹ ቅርብ የሆነ፣ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል፣ ወንበርና ምንጣፍ። ልጁን የምትይዝልሽ ሰው አብራሽ ትምጣ፤ እህት ትሁን ጎረቤት። ተራ በተራ እንይዝልሻለን የሚሉ ይኖራሉ፣ ከልባቸው ነው፣ ነገር ግን የሚይዙት ሰዎች ራሳቸው ተማሪዎች ናቸው።

የስምንት ወር ልጅ ተጨማሪ ምግብም ስለሚበላ ቀኑ ይከፈላል። ከ2:30 በፊት፣ በሻይ እረፍት፣ በምሳ፣ ከሰዓት በኋላ በሁለቱ ተራ መካከል ብታጠቢው ትምህርት ሳይቋረጥ ይሄዳል። አልበሽ ማስቀመጥም ይቻላል፤ የታለበ የእናት ጡት ወተት ንጹሕ በሆነና በተከደነ ዕቃ ውስጥ በክፍል ሙቀት ከታለበ በኋላ ለ4 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ የደሴ ክረምት ለዚህ ይመቻል። በጡጦ ፈንታ በትንሽ ሲኒ ስጡት፣ ለማጠብም ለመቀቀልም ይቀላል።

የግምገማ ተራሽን ወዲያው ካጠባሽ በኋላ ባለው ሰዓት አስደርጊው። አዳራሽ ውስጥ በሩ አጠገብ ተቀመጪ፣ ሲያለቅስ ሰው ሳትረግጪ እንድትወጪ።

---

ቦርከና_ዳር (ጠያቂ)

ኧረ ተባረኩልኝ! እህቴ ልትመጣልኝ ተስማምታለች። ሦስት ነገር ልጨምር።

ግምገማው ላይ ምን ይደረጋል፣ ዝም ብዬ ነው የምሰማው? ደግሞ ዘጠኝ ኮፒ አድዬ አንዷ ታሪኬን ብትወስድብኝስ? ሦስተኛው፣ ታሪኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ እውነተኛ ሰው ናት፣ ጎረቤታችን። ስሟን ቀይሬዋለሁ፣ ይበቃል?

---

ቀይ_እስክሪብቶ

ስምንት ሰው በአራት ከሰዓት ሲካፈል በቀን ሁለት ይደርሳል፣ ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት ገደማ። ብዙ ቦታ የሚሠራበት አካሄድ ይህ ነው፦ ጸሐፊዋ አንድ ገጽ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን ይዛ ዝም ትላለች። ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ይወያያሉ፣ እሷ እዚያ እንደሌለች። የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች የእሷ ናቸው፣ ለጥያቄ። ዝምታው የተፈለገው ለቅጣት አይደለም። መጽሐፍሽን ገዝታ የምታነብ ሴት ኮምቦልቻ መጥታ «ይሄ ምን ለማለት ነው?» ብላ አትጠይቅሽም፤ ወረቀቱ ብቻውን ምን እንደተናገረ የምትሰሚው ዝም ስትዪ ነው።

የሚነገርሽን ሁሉ ጻፊ፣ መልስ ግን አትጻፊ። ኅዳጉ ላይ «አልገባትም!!» እያልሽ አትጣዪ። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ችግሩ እዚያ ቦታ ላይ ወይም ከእሱ አንድ ገጽ ቀደም ብሎ አለ። መፍትሔያቸው ግን ብዙ ጊዜ ስህተት ነው፤ የሚያማቸውን ያውቃሉ እንጂ መድኃኒቱ ካንቺ ነው።

አንቺም ለሌሎች ስትናገሪ «በጣም ቆንጆ ነው፣ በርቺ» ብለሽ አትለፊ። እኛ አገር ይሉኝታው ከባድ ነው፣ ስምንት ሴት ለአምስት ቀን «በርቺ» ስትባባል ልትከርም ትችላለች። ገጽ ጥሪ። «ገጽ 4 ላይ ልጅቷ ከመናኸሪያ ለምን እንደተመለሰች አልታየኝም» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

ብዙ ጊዜ የሚነሳ አንድ ጉድለት በምሳሌ ላሳይሽ፣ ከመሄድሽ በፊት ረቂቅሽ ላይ እንድትፈልጊው። እንዲህ ተጽፏል እንበል፦

«እናትየው ደብዳቤውን ካነበበች በኋላ በጣም አዘነች፤ ምንም ነገር ማድረግ አልቻለችም።»

አንባቢ ማዘኗን አምና ትቀበላለች፣ አላየችም ግን። አሁን እንዲህ፦

«እናትየው ጀበናውን ከእሳት አወረደች። ሲኒ ሳታቀርብ መልሳ ጣደችው።»

«አዘነች» የሚል ቃል የለም። ቡና የሚያውቅ ሁሉ ግን የሆነ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል። ረቂቅሽ ውስጥ «በጣም» የሚለውን ቃል በፍለጋ አውጪውና አንድ በአንድ እያየሽ ሂጂ፤ ከአሥሩ ሰባቱ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ነው። ሁሉንም ግን አትለውጪ። አንዳንዱ «አዘነች» ብሎ ማለፍ ያለበት ነው፣ አለዚያ ታሪኩ በጀበና ብቻ ይሞላል።

---

ሆጤ_ማዶ

ዝም ማለቱ ላይ አልስማማም፣ ወይም በከፊል ነው የምስማማው። ለጀማሪዎች ቡድን አንድ ሰዓት ሙሉ ዝምታ ሰውን ያደነዝዛል። ከመጀመሩ በፊት ጸሐፊዋ ሁለት ጥያቄ ብታስቀምጥ ውይይቱ መስመር ይይዛል፦ ለምሳሌ «ገጽ 6 ላይ ጊዜው ወደ ኋላ መሄዱ ይታወቃል ወይ?» «መጨረሻውን ቀድማችሁ ገመታችሁት ወይ?» ጥያቄዎቹን ረቂቁ ጀርባ ላይ አትማ ብታድል ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። «ወደዳችሁት?» ግን ጥያቄ አይደለም።

ስለ ተራው፦ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሁንልኝ በዪ። ሰኞ ቡድኑ ገና አልተላመደም፣ ሁሉም ይፈራል። ሐሙስ ደግሞ ግማሹ ሐሳብ ማታው ንባብ ላይ ነው።

አንድ የአዘጋጆች ጉዳይም አለ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ፍልሰታ ነው፣ ምሳው የጾም መኖሩን አረጋግጪ፤ ዓርብ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ጁምዓ የሚሄዱ እህቶች አሉ፣ መዝጊያው ከሱ ጋር እንዳይጋጭ። የወሎ ሰው ይሄን ተነጋግሮ ማስተካከል ያውቅበታል፣ ችግር የሚሆነው ፕሮግራሙ ሌላ ከተማ ተሠርቶ ሲመጣ ነው።

---

አንቀጽ_በአንቀጽ

ስለ መብቱ አጭር መልስ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነ የፈጠራ ጽሑፍ ወረቀት ላይ ወይም ፋይል ላይ ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ አለው። ለመጠበቅ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ ጥበቃውም በደራሲዋ ዕድሜ ዘመንና ከሞተች በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ምዝገባ የሚጠቅመው ክርክር ሲመጣ ለማስረጃ ነው፣ የሚመዘገበውም አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ከመሄድሽ በፊት ፒዲኤፉን ለራስሽ ኢሜይል ላኪው፣ ቀኑ ይመዘገባል። ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው ብዬ አልምልልሽም፤ ከምንም ግን ይሻላል።

ልብ በዪ፦ የሚጠበቀው አጻጻፉ ነው፣ ሐሳቡ አይደለም። «ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት እናቷ ሳታውቃት ስትቀር» የሚለው ሐሳብ የማንም ነው። ዓረፍተ ነገሮችሽ፣ ትዕይንቶችሽ፣ ቅደም ተከተሉ ያንቺ ናቸው። ስለዚህ ስርቆቱ ብዙ አያስፈራ። ይልቅ የሚያጋጥመው ሌላ ነው፦ አንዷ ገጹን ፎቶ አንስታ ከአድናቆት ብዛት ቴሌግራም ላይ ትለጥፈዋለች። አንዳንድ ውድድሮች ደግሞ በማኅበራዊ ሚዲያ የወጣን ሥራ እንደታተመ ቆጥረው አይቀበሉም። የመጀመሪያው ቀን ላይ «ፎቶ የለም፣ ኮፒው አስተያየት ተጽፎበት ለባለቤቷ ይመለሳል» የሚል ስምምነት ይኑራችሁ። ዘጠኙንም መልሰሽ ቁጠሪ።

አሳትምልሻለሁ የሚል ሰው እዚያ ቢገጥምሽ ደስ ይበልሽ፣ ግን አዳራሽ ውስጥ ምንም አትፈርሚ። መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው፣ ጽሑፉ ደግሞ ቤት ተወስዶ የሚነበብ ነው። ስንት ኮፒ፣ ለስንት ጊዜ፣ ማተሚያውን ማን ይከፍላል፣ ያልተሸጠው ማን ቤት ይቀመጣል? የመጨረሻዋን ጥያቄ ሰው ይረሳታል፣ በኋላ አልጋ ሥር ካርቶን ይቆለላል።

ስለ ጎረቤትሽ፦ ስም መቀየር አይበቃም። ኮምቦልቻም ደሴም ሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ነው፤ «ፒያሳ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ባሏ ሾፌር የሆነ፣ መንታ የወለደች» ካልሽ ስሟን ማንም አይጠይቅሽም። ሦስት ነገር አብረሽ ቀይሪ፦ ሥራዋን፣ ሰፈሯን፣ የቤተሰቧን ቁጥር። ታሪኩ ከሦስቱ አንዱን ሲቀየርበት የሚፈርስ ከሆነ ወይ ታስፈቅጃታለሽ ወይ ይህንን አታነቢም።

---

ጀባ

ቋንቋው ላይ ማንም ምንም ስላላለ፦ ንግግሩን በወሎ አማርኛ ጻፊው፣ ተራኪዋ ግን በመደበኛው ትሂድ። በአንድ ንግግር አንድ ሁለት ቃል ይበቃል። «ቡና ጀባ ልበልሽ» አለቻት፤ አለቀ፣ ከሥር ማብራሪያ አታስገቢ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲጠጣ ሰዓት መሄዱ በራሱ ይገባል። ሁሉም ባለታሪክ በየመስመሩ «አብሽር» የሚል ከሆነ ግን ሰው ሳይሆን ቀልድ ይመስላል።

ሰኞ ገበያ ወርዳችሁ አድምጡ የሚል መልመጃ ከተሰጣችሁ ትንሽ ደብተር እንጂ ስልክ አታውጪ። ስልክ ካነሳሽ እየቀረጽሽ ይመስላቸዋል፣ ነጋዴው ዝም ይላል። ሃያ ደቂቃ ቁሚ፣ የሰማሽውን እንዳለ ጻፊ፤ የጎመኑን አረንጓዴነት አትጻፊ።

---

ቦርከና_ዳር (ጠያቂ)

ሁሉንም በደብተር ገለበጥኩት። ሐሙስ ማታስ? አምስት ደቂቃ ስንት ገጽ ነው?

---

ቤት_መምቻ

አማርኛ ጮክ ተብሎ በእርጋታ ሲነበብ በደቂቃ ወደ 100 ቃል ነው። በ12 ፊደል የተተየበው አንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው፤ ለአምስት ደቂቃ 500 ቃል፣ ከሁለት ገጽ ያነሰ። አንቺ ግን 450 አድርጊው። ወደ መድረክ መውጣቱ፣ ማይኩን ማስተካከሉ፣ ርእሱን መናገሩ ሁሉ ከሰዓትሽ ይቀነሳል። ስለ ታሪኩ መግቢያ አትናገሪ፤ «ይሄን የጻፍኩት እንትን በነበርኩበት ጊዜ…» እያልሽ ሁለት ደቂቃ ይሄዳል።

ለንባቡ ለብቻው በ16 ፊደል አሳትሚ። ከስልክ አታንብቢ፤ መሀል ላይ ይደወላል ወይ ይጠፋል። ትንፋሽ የምትወስጂበት ቦታ ላይ በእርሳስ ጭረት አድርጊ። የንግግር ክፍል የበዛበትን አትምረጪ፣ ማን እንደተናገረ ለሚሰማ ሰው ይምታታል፤ አንድ ቦታ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ነገር የሚሆንበትን ክፍል ቁረጪ። ማይኩ ከከንፈርሽ አራት ጣት ይራቅ፣ «ፐ» እና «ጰ» ያለባቸውን ቃላት ስትዪ ትንሽ ዞር አድርጊው፣ ይፈነዳል።

---

የሐረጎ_ጉም

የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ መሆኑን ሰኞ ቀና ብለሽ እይ። ቆርቆሮ ከሆነና ዝናቡ ከወረደ ማይክም አያድንም። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ለመወዳደር አትሞክሪ፤ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰሽ ጣትሽን መስመሩ ላይ አድርገሽ ቁሚ፣ ሲያባራ ከዚያው ቀጥይ። ሰዓት የምትይዘዋን ቀድመሽ አነጋግሪያት፣ የዝናቡን እንዳትቆጥርብሽ።

መብራት ከጠፋ ደግሞ እህትሽ የስልኳን መብራት ትያዝልሽ። ፓወር ባንኩን ረቡዕ ማታ ሙይው፣ ሐሙስ ጠዋት አይደለም።